«ለዛሬ ሞልቷል» ስትባሉ፦ በአስቸኳይ ቀን የካርድ ክፍሉን መስኮት የማለፊያ መመሪያ

በከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ሁለት መንገድ እንሄዳለን። አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቦሌ አራብሳ ወይም ከዓለም ባንክ ተነስቶ ባጃጅ፣ ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ የእግር መንገድ። ሁለተኛው ከካርድ ክፍሉ መስኮት እስከ ሐኪሙ በር ያለው ነው። አጭር ነው፤ ግን ብዙ ሰው የሚቀረው እዚያ ላይ ነው።

እኔ የምጽፈው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ በሽታ አትለይም፣ መድኃኒትም አታዝም። የእሷ ሥራ በየትኛው በር እንደምትገቡ መወሰን ነው። ስለዚህ «ዶክተር ካላገኘሁ» ብሎ እሷን መጨቅጨቅ ትርፉ ድካም ነው። የሚያዋጣው፣ የትሪያጅ ነርሷ (የሕመሙን ክብደት የምትለየዋ) እንድታያችሁ የሚያደርጋትን መረጃ ባጭሩ መስጠት ነው። ነርሷ ካየቻችሁ በኋላ ወረፋው በመጣችሁበት ሰዓት መሆኑ ቀርቶ በሕመሙ ክብደት ይሆናል።

1. ጭራሽ መስኮት የማያስኬድ ሕመም

ትልቅ ሰው ደረቱን ጨምድዶ ከያዘው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ አፉ በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ የማይቆም ደም ከፈሰሰው ወይም ራሱን ከሳተ ካርድ ክፍል አትሰለፉ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ፤ ካርዱን ሌላ ሰው ያውጣ። ነፍሰ ጡር ከደማች፣ ከባድ ራስ ምታት ይዟት ዓይኗ ብዥ ካለባት ወይም ካንቀጠቀጣትም እንደዚሁ። ሕፃን ጡትም ውሃም እምቢ ካለ፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ስትቀሰቅሱት ፈዞ ከቀረ አትጠብቁ። እነዚህን የአደጋ ምልክቶች ጤና ባለሙያዎች ራሳቸው ከ5 ዓመት በታች ልጅ ሲመጣላቸው አስቀድመው ይጠይቃሉ።

907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ 939 የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ። ሁለቱንም አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ስትደውሉ የሰፈሩን ስም ብቻ አትናገሩ። ያን ሁሉ ኮንዶሚኒየም ይዞ «ኮዬ ፈጬ ነኝ» ማለት አድራሻ አይደለም። የብሎኩን ቁጥር፣ አጠገቡ ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት ተናገሩ። አንድ ሰው አስፋልት ድረስ ወጥቶ ይጠብቅ። አንዱ ሲደውል ሌላው መኪና ይፈልግ፤ ቀድሞ በመጣው ተሳፈሩ።

ወዴት? ለአቃቂ ቃሊቲ በኩል ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ ለአያትና ለአራብሳ የካ ኮተቤ፣ ለጀሞና ለአየር ጤና አለርት፣ ለቡራዩ መስመር ጳውሎስ ይቀርባል። ለመኪና አደጋና ለከባድ ጉዳት በጳውሎስ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል አለ። ግን ትንፋሽ ወይም ደም ከሆነ ነገሩ፣ ሰፈራችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ይቅደም። ኦክስጅን ወይም ግሉኮስ ሰክተው፣ ሪፈር ጽፈው መላክ ይችላሉ። መንገድ ተዘጋግቶ መኪና ውስጥ ከመቅረት ይህ ይሻላል።

ስለ ገንዘብም ልበል። ድንገተኛ ታካሚ «መጀመሪያ ክፈል» ተብሎ ሕክምና መከልከል የለበትም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎት የሚከለክል የጤና ባለሙያን ይቀጣል። ይህን ማወቃችሁ ጥሩ ነው፤ ንግግራችሁን ግን በዚህ አትጀምሩ። ሕግ እየጠቀሰ የሚገባ ሰው ፀብ ይዞ የመጣ ይመስላል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ ነፃ መሆኑንም አስታውሱ።

2. ከቤት ሳትወጡ

የታማሚውን የካርድ ቁጥር ያዙ። ይህ ቁጥር የሰዓታት ወረፋ ያድናል። ቁጥሩ ከሌለ ፍለጋው በስም ነው፤ በስም መፈለግ ደግሞ የራሱ መከራ አለው። እናንተ «ኃይሉ» በብዙኃኑ ኀ ትላላችሁ፣ መዝገቡ ላይ በሃሌታው ሀ ተጽፏል። ኮምፒውተር ላይ በፈረንጅ ፊደል ሲገባማ ጸጋዬ ስንት ዓይነት ሆኖ እንደሚጻፍ አስቡት። ስለዚህ የቤተሰቡን ሁሉ ካርድ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ካርዱ ጠፍቶ ከሆነ እስከ አያት ያለ ስም፣ ያኔ የተመዘገበውን ስልክ ቁጥርና ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችሁበትን ዓመት አዘጋጁ።

ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ዕድሜ፣ ምን እንዳመመው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደ፣ የማይስማማው መድኃኒት ካለ፣ ስኳር፣ ግፊት ወይም አስም እንዳለበት። ቤት ያለውን መድኃኒት ከነካርቶኑ በፌስታል አምጡ። «ነጭ፣ ክብ ኪኒን» የሚባል መድኃኒት የለም።

ሪፈር ወረቀት ካላችሁ ከመንገድ በፊት አገላብጣችሁ እዩት። ቀን፣ የሐኪም ፊርማ፣ ማህተም። ማህተሙ ስለቀረ ብቻ ከጥቁር አንበሳ ተመልሶ አቃቂ የሚሄድ ሰው አለ።

ሰዓቱንም አስቡ። መደበኛው ሥራ ጠዋት 2:30 ይጀምራል፤ ካርድ የሚያልቀው ያኔ ጠዋት ነው። ሰኞ ጠዋት ይብሳል። ምሳ ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ መስኮቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቆማችሁ አትጠብቁ፣ ተረኛ ነርስ ፈልጉ።

አስታማሚ ሁለት ይበቃል። አንዱ ከታማሚው ጋር፣ አንዱ መስኮቱ ላይ። ዕድሩ በሙሉ ከመጣ ጥበቃው አንዳችሁንም አያስገባም።

3. ጥበቃውን አትናቁ

የመጀመሪያው ሪሴፕሽን በር ላይ ነው ያለው። ዩኒፎርም ለብሶ ቦርሳ ይፈትሻል። «ወዴት ነው?» ይላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ፍተሻ ብቻ አይቶ አጉረምርሞ ያልፋል። እሱ ግን ድንገተኛ ክፍል በየት እንደሚገባ፣ ዊልቸሩ የት እንደቆመ፣ ዛሬ የትኛው መስኮት እንደሚሠራ ያውቃል። መኪና ይዛችሁ ግቢ የመግባት ጉዳይም በእሱ እጅ ነው።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። እናቴ መቆም አቅቷታል፣ ድንገተኛ ነው፣ ዊልቸር ከየት ላግኝ?» በሉት። ስለ ሕመሙ ታሪክ አታውሩት። ጥያቄው ቦታና ዕቃ ብቻ ከሆነ ራሱ እየገፋ ሲያስገባችሁ ታያላችሁ።

4. መስኮቱ ላይ

መስታወት አለ፣ መስታወቱ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ዝቅ ስላለ ጎንበስ ብላችሁ ነው የምትናገሩት። ከኋላችሁ አንዱ በትከሻችሁ ላይ አሻግሮ ወረቀት ይሰዳል። ልጅቷ በአንድ እጇ ትጽፋለች፣ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋለች። እዚያ ላይ ጮክ ብሎ መናገር ምንም አይጠቅምም። ቀና እስክትል ጠብቁ። ቀና ስትል ሰላምታ፣ ከዚያ ወዲያው ጉዳዩ።

ወጣት ከሆነች «እህቴ»፣ በዕድሜ ከገፋች «እናቴ»፣ ወንድ ከሆነ «ወንድሜ» ወይም «ጋሼ»። «ሲስተር» ማለትም ክፋት የለውም፤ ነርስ ባትሆንም ደስ ይላታል። «ስሚ አንቺ» ያለ ሰው ግን ራሱን ወረፋው ጭራ ላይ አስቀመጠ ማለት ነው።

ንግግሩ አራት ነገር ይያዝ፦ ማን ነው፣ ምን ሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ አሁን ምን ባሰ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«እህቴ፣ እንደምን አደርሽ። ልጄ ነው፣ 2 ዓመቱ ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። ከሌሊት ጀምሮ ውሃም አልቀበል ብሏል፣ ሽንት አልሸናም። ነርሷ አንዴ ትየው።»

አለቀ። ከዚህ በላይ እሷ ትጠይቃለች። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። የተጠየቀው ነርሷ እንድታየው ብቻ ነው። ነርሷ እንድታይ መላክ ለእሷ ቀላል ነው፤ ወረፋ አዛባች ብሎ የሚጮህባት አይኖርም።

አሁን ወደ ትልቁ ችግራችን እንምጣ። እኛ ምልክት አንናገርም፤ ራሳችን የመረመርነውን በሽታ ነው የምንናገረው። «ታይፎይድና ታይፈስ ተነስቶብኝ» ትሉና ከሌላው ታይፎይድ ጋር ትሰለፋላችሁ። «ምች መታው»፣ «ብርድ ነው» ትሉና ሳንባ ምች የያዘው ልጅ ወንበር ላይ ይቆያል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ «ጨጓራዬ ነው» የሚባለው ነው። አንድ የ60 ዓመት ሰው ከእምብርቱ በላይ ያቃጥለዋል፣ ያልበዋል፣ ግራ ክንዱን ይከብደዋል፤ መስኮቱ ላይ ሲደርስ ግን «ጨጓራዬን ነው» ይላል። ልጅቷ ምን ታድርግ? ጨጓራ ብላ ጽፋ ታስቀምጠዋለች። ልብ ሊሆን የሚችለውን ነገር ጨጓራ ብላችሁ አትሸፍኑት። «እዚህ ጋ ያመኛል፣ ያልበኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል» በሉ። ስሙን ሐኪሙ ያውጣለት።

ማጋነንም አይሠራም። «ሞተብኝ!» ብላችሁ ገብታችሁ ታማሚው ስልክ እየነካካ ከተቀመጠ ቀጣዩን ቃላችሁን ማንም አያምንም። ነርሷ ሙቀት ትለካለች፣ ግፊት ትለካለች፣ ጣት ላይ የምትሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ትሰካለች። ከዚያ በቀለም ትለያለች። ቀይ ወዲያው የሚታይ ነው፣ ብርቱካናማና ቢጫ ይከተላሉ፣ አረንጓዴ ይጠብቃል። አረንጓዴ ከሆናችሁ አትከፉ፤ ከአጠገባችሁ ካለው የተሻላችሁ ናችሁ ማለት ነው።

ሰው እየሰማ የማይነገር ጉዳይም አለ። መስኮቱ ጋ ጎረቤት አይጠፋም፤ በተለይ በእኛ ሰፈር ጤና ጣቢያ። የያዛችሁትን ወረቀት በቀዳዳው አስገቡና «የግል ጉዳይ ነው፣ ለነርሷ ነው የምናገረው» በሉ። ይበቃል። ማብራሪያ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም።

ቀላል መስለው ጊዜ የማይሰጡ ነገሮችን ለይታችሁ ተናገሩ። አንዱ የውሻ ንክሻ ነው። ዳር ከተማ ሌሊቱ የውሻ ነው፤ ባለቤት የሌለው ይበዛል። ቁስሉ ጭረት ቢሆንም በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡትና የዚያኑ ቀን ሂዱ። መስኮቱ ላይ «እግሬን ቆስያለሁ» አትበሉ፣ «የማላውቀው ውሻ ነክሶኛል» በሉ። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባቱ እዚያ ከሌለ የት እንዳለ ጠይቃችሁ ሪፈር ይዛችሁ ውጡ። ሌላው ለኤች አይ ቪ መጋለጥ ነው፤ በመደፈርም ይሁን በመርፌ። መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ለዚህ «ሰኞ ተመለሱ» የሚባል ነገር የለም።

5. «አይቻልም» ሲሉ

«አይቻልም» ብዙ ዓይነት ነው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አትውጡ።

«ካርድ ነው ያለቀው ወይስ ሐኪም የለም?» ብላችሁ ጠይቁ። ካርድ ካለቀ ችግሩ መደበኛው ወረፋ ነው፤ «እሺ፣ ተረኛ ነርስ ብቻ ትየው፣ ነገ ይምጣ ካለች እመለሳለሁ» በሉ። ይህን ቃል እምቢ የሚል ጥቂት ነው። ሐኪም ከሌለ «እንግዲያው ሪፈር ማን ይጽፍልኛል?» በሉ። ማሽን ወይም መድኃኒት ከሌለ «የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አልጋ የለም ከተባለ፣ ሆስፒታል ውስጥ ላይዘን የሚባል ክፍል አለ። የአልጋና የሪፈር ጉዳይ የሚያልቀው እዚያ ነው፤ ካርድ ክፍልን በዚህ ማስጨነቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ሁሉም ካልሆነ በለሰለሰ ድምፅ «ስምሽን ማን ልበል? ተመልሼ ስመጣ አንቺን እንድጠይቅ» በሉ። ዛቻ አታድርጉት።

«ውስጥ ሰው አለህ?» ስለሚባለው ደግሞ የራሴን ልናገር። ሁላችንም የአክስት ልጅ ባል እንፈልጋለን። ያ ሰው በስልክ እስኪገኝ ትሪያጅ አልፋችሁ ነበር። ሻይ መጠጫ ብላችሁ ብር አታቀብሉ። ትክክል አይደለም፤ የተቀበለም ሰው የሚያስገባችሁ ከሌላ ቀይ ታማሚ ፊት ሊሆን ይችላል።

6. ተራ እየጠበቃችሁ ከባሰ

ወደ መስኮቱ አትመለሱ። ወደ ነርሷ ሂዱ፣ የተለወጠውን ብቻ ንገሩ፦ «ቅድም ይናገር ነበር፣ አሁን አይመልስልኝም»። ቀጠሮ ያላችሁ ሰዎችም እንዲሁ። ለወራት የተቀጠረ ሰው በመሃል ከባሰበት ቀጠሮውን አይጠብቅም። ካርዱን ይዞ ይመጣል፣ «ከቀጠሮዬ በፊት ባሰብኝ» ይላል።

7. የግል ክሊኒክ

እዚህ ስልክ ይሠራል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ስፔሻሊስቶች አብዛኞቹ ቀን መንግሥት ሆስፒታል ውለው ማታ ወይም ቅዳሜ ነው የሚመጡት። «ዶክተሩ አሉ?» አትበሉ፤ «አሉ» ትባላላችሁ፣ ስትደርሱ «ይመጣሉ» ይሆናል። «ስንት ሰዓት ይገባሉ? ስንት ሰው ተመዝግቧል? በስልክ መመዝገብ ይቻላል?» በሉ። ሞልቷል ካሉ «የሚቀር ሰው ካለ ደውይልኝ፣ ቅርብ ነኝ» በሉ። ቅርብ ካልሆናችሁ ግን አትዋሹ። ከጀሞ ሳሪስ ለመድረስ ማታ ስንት እንደሚፈጅ እሷም ታውቃለች።

የካርድ ዋጋውን፣ ካርዱ ለስንት ቀን እንደሚያገለግል፣ ውጤት ለማሳየት ስትመለሱ እንደገና ትከፍሉ እንደሆነ በዚያው ስልክ ጨርሱ። ጠቅላላ ሐኪም ወዲያው ካለ ደግሞ እሱን እዩት። አስቸኳይ ከሆነ እሱ ራሱ ለስፔሻሊስቱ ሲደውል በር ይከፈታል።

8. መድንና ወሰን

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት የተመዘገባችሁበት ጤና ጣቢያ ነው፤ ሆስፒታል የምትደርሱት በሪፈር ነው። መታወቂያውን ዓመቱ ሳያልፍ አሳድሱት። ሌሊት ታማሚ ታቅፎ «አልታደሰም» መባል ያበሳጫል።

ዳር ላይ የምንኖረውን የሚነካ ሌላ ነገር አለ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። መድናችሁ በዚያ በኩል ከሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ከየትኛው ተቋም ጋር ውል እንዳለው ጤናማ ሆናችሁ ሳለ ወረዳችሁን ጠይቁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅም በዚያ በኩል አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ሊሆን ይችላል። «አካም ጅርቱ» ብሎ መጀመር ምንም አያስከፍልም፤ ፊቷ ሲፈታ ታያላችሁ።

9. ከበደሏችሁ

መጀመሪያ ታማሚው ይታከም። ከዚያ ተረኛ ኃላፊውን፣ እሱ ካልሆነ ሜዲካል ዳይሬክተሩን ወይም የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አናግሩ። ቀን፣ ሰዓት፣ የመስኮት ቁጥር፣ የተባላችሁት ቃል በቃል። «ሰው አያከብሩም» የሚል ቅሬታ የትም አይደርስም። «ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ መስኮት 2 የ8 ወር ነፍሰ ጡር እየደማች ተመለሺ ተባለች» የሚለው ይደርሳል። 952 የጤና ሚኒስቴር ነፃ መስመር ነው።

10. ስትወጡ

በመስኮቱ በኩል አንዴ ጎራ በሉና የቀጠሮ ወረቀቱን አሳዩዋት። ቀኑ በእኛ ነው በፈረንጅ? ሰዓቱስ? «3:00» የሚለው ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት? የላብራቶሪ ውጤት የሚወጣው መቼ ነው፣ የሚወሰደው ከየትኛው መስኮት ነው? የክፍሉን ስልክ ቁጥር ጠይቁና ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፉ። ካርዱን እዚያው ቆማችሁ ፎቶ አንሱት።